የቮልስ ሞተር ግቢ ውስጥ እንዴት ይቀየራል

የመጀመሪያ መኪናዬ ቮልስ ናት። አሁንም ያለችኝ እሷው ናት። ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ሦስት ዓመት ቆማ፣ ዶሮ ሲያድርባት ከርማ፣ ባለፈው በጋ ሌላ ሞተር አስገባንላት። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቢሮ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። ሥራውን የሠራነው ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው፤ እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ጋሼ እጃቸውን አያቆሽሹም። ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ይቀመጡና ስንሳሳት ይቆጡናል። እንዲህ ዓይነት ሰው ካላችሁ ቡና እያፈላችሁ ያዙት፤ ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል።

"ሞተር መቀየርማ የጋራዥ ሥራ ነው" ይባላል። ቮልስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያ የሚነፋው አየር ነው። የለመደ ሰው በሁለት ሰዓት ያወርደዋል፤ እኛ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከባዱ ማውጣቱ አይደለም። ከባዱ፣ ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ "ቶሎ መልሰን እናስገባውና እናስነሳው" የሚለውን ጥድፊያ መቋቋም ነው። እኔ አልተቋቋምኩትም። ዋጋውን አባይ በረሃ ላይ ከፍያለሁ፤ ቦታው ሲደርስ አወራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሞተሩ መሞቱን አረጋግጡ

ስንት ቮልስ አለ ሞተሩ ያለጥፋቱ የወረደ! ካንዴላው ጠቁሮ፣ ካርቡራተሩ በአሮጌ ቤንዚን ደለል ተዘግቶ፣ ቫልቮላው ሳይስተካከል ዓመት አልፎት "ሞተሩ አልቋል" ይባላል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ።

አንደኛው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ በታች ያለውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅ ያዙት። ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ከዚያ ወደ ፊት ግፉ። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። "ቋ፣ ቋ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን የውስጥ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቤት በልቷል ማለት ነው። ያን ሞተር በካንዴላ አታድኑትም።

ሁለተኛው የኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት የሚለካ) ይፈልጋል፤ ከጋራዥ መዋስ ይቻላል። ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ በሞተሪኖ አዙሩ። እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጤነኛ የቮልስ ሞተር ከ7 እስከ 9 ባር ያሳያል የሚለው ልክ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መለኪያው ከ5 እስከ 7 ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል ትንሽ ከፍ ይላል። ዋናው ቁጥሩ አይደለም፤ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው።

የኔዋ ሦስቱ ላይ 6 አካባቢ አሳየች። ሦስተኛው ላይ 2። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ "በሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምርበትና ድገመው" አሉኝ። ጨመርኩ፣ ደገምኩ፤ ያው 2። ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ቢል ኖሮ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነበር። ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ነው። "ሦስተኛዋ ሁሌም ናት" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር በግራ በኩል የፊተኛው ነው። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው በዚህ ሲሊንደር አናት ላይ፣ ማራገቢያው የሚነፋው አየር በሚያልፍበት መንገድ ቆሟል። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ለብቻው ወደ ኋላ አወጣው። የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ተበጥሶ ፒስተን የበሳበት ቮልስ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው።

እኔ ጋ ፑሊውም "ቋ" ይል ስለነበር ቴስታታ (ቫልቮላዎቹ ያሉበትን የሲሊንደሮቹን ክዳን) ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ሆነ።

የሚገባው ሞተር

መኪናዬ 1300 ነበረች። የገባላት 1600 ነው። የሁለቱ የፒስተን ምት እኩል 69 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ የፒስተኑ ውፍረት ነው፣ 77 እና 85.5 ሚሊ። ውጫቸው አንድ ስለሆነ ያለምንም ብየዳ ይገባል። 1600 የፈለግሁት ለፍጥነት አይደለም። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እኛ ከፍታ ላይ የሚሰጠው 38 ገደማ ነው። የ1300ው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አራት ሰውና አንድ ጆንያ ጤፍ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው ያቺ ልዩነት ትታወቀዋለች።

ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁ ኤሌክትሪክ ባለ 6 ቮልት ነው ወይስ ባለ 12 የሚለውን እወቁ። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ገደማ ነው። የባለ 6 ቮልቱ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ሞተሪኖው የሚነክሰው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) 109 ጥርስ አለው፣ የባለ 12 ቮልቱ 130። ጥርሱን ቁጠሩ፤ አታፍሩ። ቮላኖው ካልተስማማ ሞተሪኖው አይነክስም፣ ወይም ቮላኖው የካምቢዮውን ቤት ይፈጫል።

ሞተሩን ያገኘሁት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ፑሊውን ይዛችሁ ሳቡ፣ ግፉ። በእጅ አዙሩት፤ ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ጭረት መዞር አለበት። ባትሪ ብርሃን ይዛችሁ ከሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ፣ በቮላኖው በኩል ያለውን የሞተር አካል እዩ። ስንጥቅ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ስንጥቁ ከውጭ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ዙሪያውን ዘይት ያላበዋል። ታጥቦ ያብለጨለጨ ሞተር ሲቀርብላችሁ ደግሞ ለምን እንደታጠበ ጠይቁ። እኔ ዘይት የለበሰውን እመርጣለሁ። ከየት እንደሚያፈስ ያሳየኛል።

ካርቡራተሩን፣ የአየር መግቢያ ቱቦውንና ሞተሩን የሚያለብሱትን ላሜራዎች በሙሉ አብራችሁ ግዙ። በተናጠል መፈለግ ወር ይፈጃል።

ደግሞ ወረቀቱን አትርሱ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተሩ ላይ ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ተመቷል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ቦሎ ላይ መጉላላት አለ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ ከሻጩም የሽያጭ ውልና ሞተሩ የወጣበትን መኪና ወረቀት ተቀበሉ። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ማውጣት

በጋ ላይ ሥሩት። የጎጃም ክረምት መኪና ሥር ተኝቶ ለሚሠራ ሰው አይሆንም፤ ክሪኩ ራሱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ሲሚንቶ ካላችሁ ጥሩ። አፈር ከሆነ ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ።

ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት 17 ቁልፍ፣ 13ና 10፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ባለ ጎማ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ አንድ አሮጌ ጎማ። የእሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር።

የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የእጅ ፍሬን አለኝ ብላችሁ አትታለሉ። የቮልስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱ ደግሞ አየር ላይ ሊሆኑ ነው። መኪናዋን ከኋላ አንሱና ከኋላ ጎማዎቹ ፊት በአግድም በሚያልፈው ወፍራም የብረት ቱቦ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ መደገፊያ አስገቡ። ብሎኬት አይሆንም። ብሎኬት ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይነግራችሁም። ከፍታው ሞተሩ ከነማራገቢያ ቤቱ በባምፐሩ ሥር የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ካልበቃ፣ ሞተሩ ወርዶ ጎማ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ክሪኩን አውጥታችሁ መኪናዋን እንደገና ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ከዚያ ባትሪ። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የነጌቲቩን ገመድ ፍቱ።

አሁን የሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከየአቅጣጫው አሥር ፎቶ። ከዚያ አየር ማጣሪያውን አውጡ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፦ የዲናሞው፣ የቦቢናው፣ የዘይት መብራቱ፣ ካርቡራተሩ ላይ ያሉት። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉ። ወንድሜ "አስታውሰዋለሁ" ብሎ ሁለቱን ሳይጽፍ ተወ። ሲመለስ የዘይት መብራቱን ሽቦ ለማግኘት አንድ ከሰዓት ሄደ።

የቤንዚን ፔዳሉን ገመድ ከካርቡራተሩ ፍቱና በማራገቢያው ቤት ውስጥ ባለችው ቱቦ በፊት በኩል እንዲወጣ ተዉት። ከፑሊው በላይ ያለውን የኋላ ላሜራ ፍቱ።

ቀጥሎ ከሥር ግቡ። የማሞቂያውን ሁለት ገመዶችና የአየር ቱቦዎች ፍቱ። የቤንዚን ጎማውን ስትነቅሉ ተዘጋጁ። ታንከሩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል። ልኩ የሆነ ቡሎን አዘጋጅታችሁ ወዲያው ጎማው አፍ ላይ ሰክታችሁ በፋሼታ እሰሩ። ሲጋራም ከሰልም በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ አይኑር። የጋሼን የቡና ከሰል እንኳ ወደ ጓሮ ወስደነዋል፤ አልወደዱትም።

አራቱ ማያያዣዎች ሁሉም 17 ናቸው። የታችኞቹ ሁለቱ ዳዶዎች በቀላሉ ይታያሉ። የላይኞቹን ነው የምትፈልጉት፤ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ተደብቀዋል፣ በጣት ዳስሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ። በቀኝ በኩል ያለው ሞተሪኖውንም አብሮ ይይዛል። አንድ ሰው ከሥር ቡሎኑን ይይዛል፣ ሌላው ከላይ ዳዶውን ይፈታል። መጀመሪያ የላይኞቹን፣ ከዚያ ክሪኩን ከሞተሩ ሆድ ሥር በሳንቃ አስደግፋችሁ የታችኞቹን።

ሞተሩ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ብዙ አይርቅም። ክሪኩ ክብደቱን ተሸክሞ ሳለ ሁለት ሰው ሆናችሁ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ወደ አሥር ሳንቲ ሜትር ሲመጣ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ይወጣል። ከዚያ በፊት ዝቅ አታድርጉት። ኩንታሉ በዚያች ቀጭን ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ ወይ ዘንጉ ይጣመማል፣ ወይ የፍሪሲዮን ዲስኩ። ወጥቶ ሲላቀቅ ቀስ ብላችሁ አውርዱና ጎማው ላይ አስቀምጡት።

ውጭ እያለ

ሥራው አሁን ነው የሚጀምረው። ሞተር ባለበት የማይደረስበት ነገር ሁሉ ፊታችሁ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስጡት።

የፍሪሲዮኑን ዲስክ፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውን አብራችሁ ቀይሩ። ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ብትቀይሩ በስድስት ወር ውስጥ ሞተሩን መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቀድሞዎቹ መጫኛዎች መሃላቸው ላይ ቀለበት አላቸው፣ የኋለኞቹ የላቸውም፤ ኩሽኔታውም በዚያው ይለያያል። አሮጌው ዲስክ በየትኛው ፊቱ ወደ ካምቢዮው እንደነበረ ምልክት አድርጉ። አዲሱን ስታስሩ መሃል ለመሃል መሆን አለበት። እኛ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ፕላስተር ጠምጥመን ልኩን አወጣንና በእሱ አስተካከልን። ሠርቷል።

ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ርካሽ ነገር ነው። ካልተቀየረ ግን አዲሱን ፍሪሲዮን በዘይት ያበላሸዋል። እሱን ለማግኘት ቮላኖውን የያዘው ትልቅ ባለ 36 ዳዶ መፈታት አለበት፤ ችግሩ ጥብቅነቱ ነው። ልኩ 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ጋሼ የሰጡኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ረጅም የብረት ቱቦ ቁልፉ ላይ አስገቡ፣ ከዳዶው መሃል ግማሽ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቱቦው አግድም ሳለ ምልክቱ ላይ ይቁም። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 343 ይመጣል። ወንድሜ 68 ኪሎ ነው፤ ካፖርት ለብሶ ቆመ። ዳዶው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታም በግሪስ ቀቡ፤ ጥቂት ብቻ፣ ከበዛ ወደ ዲስኩ ይረጫል።

የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ፣ ከፊት ታንከሩ ሥር ያለችውን ጭምር፣ በአዲስ ቀይሩ። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፋሼታ ይታሰር። ቮልስ የሚቃጠለው በዚህ ነው። የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ ስፒንተሮጄኖው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ላይ ይንጠባጠባል፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

አሁን ስለ አባይ በረሃ።

በሞተሩ ዙሪያ፣ በላሜራዎቹና በመኪናዋ አካል መካከል፣ ጥቁር የጎማ ማሸጊያ አለ። የኔዋ ደርቆ ተቆራርጦ ነበር። ጋሼ "ይህን ሳትቀይር እንዳታስገባ" አሉ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሄዱ እሑድ አስገባነው። ማሸጊያ ነው፣ አቧራ ለመከላከል ነው ብዬ ነው። ከሁለት የካንዴላ ሽቦዎች ላይም ላሜራው ቀዳዳ ላይ የምትቀመጠዋ ክብ ጎማ ጠፍታ ነበር፤ እሷንም ተውኳት።

መኪናዋ ከተማ ውስጥ እንደ ልብ ሄደች። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርኩ። ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሰዓቱ ስምንት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አልችል አለች። ወደ ሁለተኛ አወረድኳት። ቀጥሎ ከኋላ የጠጠር መንቀጥቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ። ዳር ይዤ ቆምኩና ክዳኑን ከፈትኩ። ሙቀቱ ፊቴን ገፋኝ። እጄን ማሸጊያው በነበረበት ክፍተት ላይ ዘረጋሁ፤ ከሥር ትኩስ አየር ወደ ላይ ይነፍሳል። ያኔ ገባኝ። ማራገቢያው ንጹሕ አየር ከላይ መሳብ አለበት። ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሚወጣው ሙቅ አየር ከሥር መቅረት አለበት። ሁለቱን የሚለየው ያ የናቅሁት ጎማ ነው። ሞተሬ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየተነፈሰ ነበር የሚወጣው።

አንድ ሰዓት ተኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ዝንጀሮ ከፊቴ መጥቶ ተቀምጦ አየኝ። ሞተሩ አልሞተም፤ ዕድል ነው። ቤት ስገባ ጋሼ ምንም አላሉም፤ የጭነት መኪና አሮጌ የውስጥ ጎማ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ከእሱ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገመድ ቆረጥንና ዙሪያውን አስገባን። እስካሁን እሱ ነው ያለው።

ስለዚህ ላሜራ አይጣል፣ ቀዳዳ አይተው፣ ማሸጊያ አይታለፍ። ሌላው ሁሉ ቢዘነጋ መኪናዋ ታቆማችኋለች። ይህ ቢዘነጋ ግን ሞተሩን ታጣላችሁ።

ማስገባት

ያው መንገድ ተገልብጦ ነው። የካምቢዮውን ዘንግ ጥርሶች ጠርጋችሁ በስሱ ግሪስ ቀቡ። ሞተሩን በክሪክ አንሱና ልክ ፊት ለፊት አምጡት። የሁለቱ ፊት እኩል መግጠም አለበት፤ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ ክሪኩን አስተካክሉ። ዘንጉ አልገባ ካለ ማርሽ አስገቡ፣ አንድ ሰው ፑሊውን በቁልፍ ቀስ ብሎ ያዙር። "ጭልጥ" ብሎ ይገባል። የመጨረሻዋ ሁለት ጣት ስትቀር ቡሎን እያጠበቁ መሳብ ያምራል። አትሞክሩት፤ የሚሰበረው ዲስኩ ወይም የሞተሩ ጆሮ ነው። በእጅ ተገፍቶ ከገጠመ በኋላ ብቻ አራቱን አጥብቁ። ልኩ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ አጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ማለት ነው።

የፍሪሲዮኑን ገመድ በካምቢዮው በግራ በኩል ባለችው ባለ ክንፍ ዳዶ አስተካክሉ። ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለ ጭነት መውረድ አለበት። የማራገቢያው ቺንጋ መሃሉ በጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። በፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ሮንዴላዎች በመቀነስ ይጠብቃል፣ በመጨመር ይላላል። ይህ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ አይደለም የሚያዞረው፤ ማራገቢያውም በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። መንገድ ላይ ቀዩ የቻርጅ መብራት ከበራ "ቤት ስደርስ" አይባልም። እዚያው ይቆማል።

ማስነሳት

ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው የሚይዘው። ቫልቮላዎቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክሉ፤ ማለዳ ይሻላል። ስፒንተሮጄኖው ውስጥ ያለው የፖይንት ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። አንደኛና ሁለተኛ በቀኝ፣ ሦስተኛና አራተኛ በግራ፤ በሁለቱም በኩል ትንሹ ቁጥር ከፊት ነው። ከፊት ማለት ወደ መኪናዋ አፍንጫ በኩል።

ተኩሱን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ለማስተካከል ባለ 12 ቮልት አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከቦቢናው ወደ ስፒንተሮጄኖው በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ አድርጉ። ፑሊውን ምልክቱ ላይ አቁሙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ስፒንተሮጄኖውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ አምፖሉ ቦግ ባለበት አጥብቁ። ምልክቱ እንደ ስፒንተሮጄኖው ዓይነት ይለያያል። በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ፒስተኑ አናት ላይ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። በእናንተው ላይ የተመታውን ቁጥር አይታችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ የቦቢናውን መሃል ሽቦ ነቅላችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩ። አሥር ሰከንድ አዙሩ፣ አረፍ በሉ፣ ድገሙ። መብራቱ ሲጠፋ ሽቦውን መልሱና አስነሱ። አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ከኋላ ይቁም፤ ዓይኑ የቤንዚን ጎማዎቹ ላይ ይሁን።

በማለዳው ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ብርድ ወዲያው ላትነሳ ትችላለች። የካርቡራተሩ ቾክ፣ አየር የሚያሳንሰው ክዳን፣ መዘጋቱን እዩ (ቾክ ነው ያልኩት፣ ጮቄ አይደለም)። የኔዋ በአራተኛው ተነሳች፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ።

አንድ ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ። ከባሕር ጠረፍ ለሚነዱ ሰዎች የተሠራ ካርቡራተር እኛ ጋ ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ ሳስቷልና። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ ዋናዋን የቤንዚን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ተዉት። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ሞተር ያቃጥላል። ለደብረ ማርቆስ ቤንዚን ቀንሳችሁ ያስተካከላችሁት ጄት አባይ ድልድይ ላይ፣ 1,000 ሜትር አካባቢ ሲወርድ፣ ያንሳል። አየሩ እዚያ ወፍራም ነው። በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ከሆነ ትንሽ ጠቆር ያለውን ምረጡ። ቤንዚን ትበላለች፤ ትብላ።

500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይሩ። እነዚህ ሞተሮች የወረቀት ማጣሪያ የላቸውም፤ ከሆዳቸው ሥር ያለችውን ክብ ወንፊት አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡ። ወንፊቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ለጋሼ ዓይነት ሰው አሳዩ። በዚያው ቀን ቫልቮላዎቹን እንደገና ለኩ፣ በተለይ ሦስተኛውን። ክፍተቱ ጠቦ ካገኛችሁት ጻፉት፣ አስተካክሉ፣ ከሌላ 500 በኋላ ድገሙ። ሁለተኛ ጊዜም ጠቦ ከተገኘ ቫልቮላው እየተሳበ ነው። ያንን ቴስታታ ሳይበጠስ አውርዱት።